የሙጫው ባሕታዊ

ወኒስን ኮሌራ የያዘው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በላይኛው ግብፅ ከመንፈሉጥ ወዲያ በምትገኝ መንደር ይኖሩ ነበር። አባቱ ጠዋት ከእርሻ ታሞ ገባ፣ ሳይመሽ ተቀበረ። ሁለቱ እህቶቹም ተከተሉት። ወታደሮች መጥተው ከመንደሩ ውጭ ድንኳን ተከሉ፤ የታመመውን ሁሉ እየለቀሙ እዚያ አስገቡ፤ ቤቶቹን ኖራ ቀቧቸው። ከዚያ ድንኳን በእግሩ የወጣ ሰው ጥቂት ነው። ወኒስ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው።

እናቱን ዘበኛው አላስገባም አላት። እሷም ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጣ ሻሿን ውሃ እየነከረች በሸራው ስር ታሾልክለት ነበር። እሱ ይጠባል። ዘበኛው ሲያባርራት ዞራ በሌላው በኩል ትመጣለች። «እመቤቴ ማርያም፣ ይሄን አንዱን እንኳ ተዪልኝ! እስኪሞት ድረስ ጾም አያፈርስም! በጾም ቀን የፍስክ ነገር ከንፈሩን አይነካውም!» እያለች ስትጮህ ዘበኛውም ሰምቷል፣ በድንኳኑ ውስጥ የሚያጣጥሩትም ሰምተዋል። ልጁ ተረፈ። ስለቱም አብሮት ተረፈ።

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ካይሮ፣ ሹብራ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ እሱ በዚያ ማዶ የጣውላ ሱቁ ውስጥ፣ እኔ በዚህ ማዶ ልብስ ስተኩስ፣ ፊት ለፊት ስንተያይ ነው ሁለታችንም ያረጀነው።

እናቱ ወደ ካይሮ ይዛው እንደመጣች ለኡስታ ባስታውሮስ ሰጠችው። ኡስታ የሚባለው ሙያውን ያወቀ የእጅ ባለሙያ ነው። ባስታውሮስ አናጺ ይሁን እንጂ በርና መስኮት አይሰራም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጣውላ ያሰናዳል። ሠዓሊ በባዶ እንጨት ላይ የዘይት ቀለም ቢቀባ እንጨቱ ዘይቱን ይመጠዋል፣ ቀለሙ አመድ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ከሠዓሊው በፊት ሌላ ሰው መግባት አለበት። ይህ ሰው ደህና አድርጎ የደረቀ ጣውላ መርጦ ይልጋል፤ እንዳይጣመም ከጀርባው አግዳሚ ይሰካበታል፤ የቆዳ ሙጫ ይቀባዋል፤ በሙጫ የራሰ የበፍታ ጨርቅ ያለብሰዋል። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት በሙጫ ለውሶ እየደራረበ ይቀባዋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመርም። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ፈግፍጎ እንደ ሕፃን ጉንጭ ያለሰልሰዋል። ሠዓሊው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ሙጫው ነው። ሙጫ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ስለሆነ አንዱ ግዢ ከሌላው አይመሳሰልም፤ አንዱ ብርቱ፣ አንዱ ልፍስፍስ ይሆናል። ከቀጠነ ነጩ የጠመኔ ቅብ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይለቅቃል። ከበረታ ደግሞ ነጩ ሲደርቅ ራሱን እየሰበሰበ ይወጠርና ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ባስታውሮስ ይህን የሚለየው በከንፈሩ ነበር። ሞቅ ያለውን ሙጫ በጣቱ ጨለፍ አድርጎ ከንፈሩን ይቀባል፤ ከንፈሩን ገጥሞ ቆይቶ ይከፍተዋል። ለስለስ ብሎ ከተላቀቀ «ይሄ ነው» ይላል። ቆንጥጦ ከያዘው «ውሃ አምጣ» ይላል። ከዚያ ይተፋል። በጾምም በፍስክም ልማዱ ይኸው ነበር።

ወኒስ ይህን ተማረ፤ ግን ለፍስክ ቀን ብቻ። ጾም ሲገባ «ኡስታ፣ አንተ ቅመስልኝ» ይለዋል።

ባስታውሮስ ይስቅበታል። «አንተ ልጅ፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ‘ሙጫ ነክተሃል’ ብለው የሚመልሱህ መሰለህ? የዚያንም በር ያጣበቀው አናጺ እኮ ነው!» ይለውና ቀምሶለት ይተፋል።

ባስታውሮስ ሲሞት ሱቁ ለወኒስ ቀረ። ያኔ ወኒስ አንድ ሥርዓት አበጀ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት እስከ ፋሲካ የሚያስፈልገውን ሙጫ ሁሉ ቀቅሎ፣ ቀምሶ፣ ቀብቶ ይጨርሳል። በጾሙ ጊዜ መላግና መቁረጥ ብቻ ነው። ከሱቁ የሙጫ ሽታ ከጠፋ ሰፈሩ ጾም መግባቱን ያውቃል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን «እንደ ኡስታ ወኒስ ጹሙ» ይሏቸዋል። እሱም ይህን እንደሚሉ ያውቃል። አንድ ረቡዕ ሻዬ ውስጥ ወተት ጠብ አድርጌ አየኝና መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ሐኪም አዞልህ ነው?»

«አይ፣ ረስቼ ነው።»

«እናቴ ኮሌራ መሃል ሆና አልረሳችም» ብሎኝ ተመለሰ።

ሻዩን ደፋሁት። ወኒስ ደግ ሰው ነው፤ ተበድሬው፣ ታምሜ ጠይቆኝ፣ ልጄን ድሮልኝ አውቀዋለሁ። በጾም ነገር ግን ርኅራኄ አያውቅም ነበር።

እስቲር የምትባል ሠዓሊ በሰፈራችን ነበረች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷ የሥዕል ኮሌጅ ገብታ ተምራለች። ቤተ ክርስቲያናችን ሲታደስ ኮሚቴው ብዙ ተጨቃጭቆ አንድ ትልቅ ሥዕል ሰጣት፤ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ የሚያሳይ። ይህ ካማረ በግድግዳው ላይ የሚሰቀሉት የቀሩት ሥዕሎች ሁሉ የእሷ ይሆናሉ። ለሴት እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጥ በኛ ዘንድ አልታየም። ጭቅጭቁ ወራት ስለፈጀ ፈቃዱ የተገኘው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነበር። ሥዕሉ ግን ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ መጥተው ሲባርኩ ተሰቅሎ መታየት አለበት ተባለ።

እስቲር በቀጥታ ወደ ወኒስ መጣች። እኔ በሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«አጎቴ ወኒስ፣ ጣውላ እፈልጋለሁ። ትልቅ።»

«ከፋሲካ በኋላ እሰራልሻለሁ።»

«ከፋሲካ በኋላማ መሰቀል አለበት!»

«ጾም ነው ልጄ። በጾም ሙጫ አልቀቅልም።»

«ሙጫ ይበላሉ እንዴ?» አለችና በሳቅ ልታልፈው ሞከረች። እሱ አልሳቀም። እሷም ሳቋን ተወችው። «አጎቴ፣ እጄን የፈታሁት በእርስዎ ጣውላ ላይ ነው። ሌላ ሰው ጋ ብሄድ አላምነውም። ይሄ ካለፈኝ ሁለተኛ አይሰጡኝም። ሴት ናት ብለው ሊተዉኝ ሰበብ ነው የሚፈልጉት፤ ያውቃሉ እኮ።»

ወኒስ መላጊያውን አስቀመጠ። «እሺ፣ እቀቅለዋለሁ፤ ከንፈሬን ግን አይነካም» አለ።

የድሮው የሙጫ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ስለነበር ሙጫውን ከሌላ ሰው ገዛ። አዳሩን ዘፍዝፎ በማግስቱ ድስቱን የፈላ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጦ አቀለጠው። ሚስቱ ማቲልዳ ከላይ ቤት ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«አዲስ ሙጫ ነው። ቅመሰውና ትፋው።»

«ማቲልዳ፣ አፍሽን ዝጊ።»

«የኔን አፍ ተወው፣ ያንተን ክፈት ነው የምልህ።»

«አልነካውም አልኩ።»

«እሺ እኔ ልቅመስልህ።»

«አንቺም ጿሚ ነሽ። በኔ ቤት፣ ለኔ ሥራ ጾም አይፈርስም። ደግሞስ ምን ብለሽ ትለዪዋለሽ?»

የሰፈራችን ቄስ አባ መቃሪ በመንገዱ ሲያልፉ ክርክሩን ሰምተው ገቡ። ነገሩን ከማቲልዳ ሰሙና «ወኒስ ልጄ፣ እናትህ የተሳለችው ስለ ምግብ ነው እንጂ ስለ ሙጫ አይደለም። ነክተህ ትፋው። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን» አሉት።

«አባ፣ ኃጢአቱን ይወስዱልኛል። ስለቱንስ ማን ይወስድልኛል?» አላቸው።

አባ መቃሪ ሳቁና ባርከውት ሄዱ። ይህችን መልሱን ሰፈሩ ሁሉ ተቀባበላት። ባቄላ ሻጩ ሳይቀር ለደንበኞቹ ይናገራታል። ወኒስም እንደጣፈጠችው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሙጫውን ሳይቀምስ በዓይኑና በጣቱ ገመተው። ቀጥኖ እንዳይለቅ ስለፈራ ጥቂት ሙጫ ጨመረበት። ጣውላው ሲያልቅ እስከዚያ ካየሁት ሁሉ የሚያምር ነጭ ሆኖ ወጣ። እስቲር መጥታ በእጇ ጀርባ ዳበሰችው። «በዚህ ላይ ቀለም ማሳረፍ ነውር ነው» አለች። ወኒስ ደስ ብሎት ተሸካሚ ጠራላትና ጣውላውን እስከምትሠራበት ሰገነት አብሮ ሄዶ አደረሰላት።

የቀረውን ጾም ሁሉ ሠራች። በፋሲካ ሰሞን ሥዕሉን ሄደን አየነው። እመቤታችን አህያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ በደረቷ ተኝቷል፤ ዮሴፍ እንደኛ ገበሬዎች ጋላቢያ የሚባለውን ረጅም ቀሚሱን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ ይመራል። አሮጊቶች አለቀሱ። ያን ሳምንት ኻምሲን የምንለው የበረሃ ነፋስ ተነሳ፤ ሰማዩ ቢጫ ሆነ፤ ጥርሳችን ውስጥ አሸዋ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሥዕሉን እስኪባረክ ድረስ በጨርቅ ሸፍነው ሰቀሉት።

ጳጳሱ በመጡበት እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ሸፋኙ ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉ። ወደ ፊት የቆምን ሰዎች ግን እልልታው ሳያልቅ አየነው፤ ሥዕሉ የናይል ውሃ ከሸሸ በኋላ እንደሚቀረው ደረቅ ጭቃ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። ጳጳሱ በሜሮን ሊቀቡት አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ከእመቤታችን ጉንጭ ላይ አንዲት ቁራጭ ተላቅቃ ወለሉ ላይ ወደቀች። እሳቸው ጸሎታቸውን አላቋረጡም። እልልታው ግን ተቋረጠ። እስቲር ከሴቶቹ መካከል ቆማ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ሕዝቡ ሲበተን ወኒስ ጎንበስ ብሎ ቁራጯን አነሳት። ገለበጣት። ነጩ ከቀለሙ ጋር አብሮ ተነቅሏል፤ ከበስተጀርባው የበፍታው ድርና ማግ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። በጣቶቹ መካከል ጫን ሲላት እንደ ብርጭቆ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ቀለም የበደለው ሥዕል እንዲህ አይሆንም። ሙጫ የበረታበት እንጂ። ይህን ያኔውኑ እንዳወቀ በኋላ ነገረኝ። ያን ጊዜ ግን ቁራጯን ኪሱ ከቶ ሲወጣ ብቻ ነው ያየሁት።

በማግስቱ ኮሚቴው በአዳራሹ ተሰበሰበ፤ ከሰፈሩም ብዙ ሰው መጣ። ሰብሳቢው ኢየሩሳሌም ስለተሳለሙ ሙቀደስ ራጊብ የምንላቸው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።

«እንግዲህ ወይዘሪት፣» አሏት፣ «ኮሌጅ ያስተማሩሽ ዘይት ማንቆርቆር ነው?»

«ዘይት አላበዛሁም ሙቀደስ።»

«ታዲያ እመቤታችን በገዛ ፈቃዷ ነው የተሰነጠቀችው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ጣውላውስ ታይቷል?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሙቀደስ እጃቸውን አወናጨፉ። «ስለ ጣውላው ቃል እንዳትተነፍሱ! የኡስታ ወኒስ ሥራ ነው። ከሱ እጅ የወጣ ጣውላ ሲሰነጠቅ ያየ አለ? በጾም ሙጫ እንኳ ከንፈሩን የማያስነካ ሰው ነው! እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ያበላሻል?»

«እውነት ነው» አለ አዳራሹ። ከጎኑ የተቀመጡት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። እስቲር ዞራ አየችው።

«አጎቴ ወኒስ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እስቲ። ቀርበው አይተውታል። ምን ይመስልዎታል?»

የወኒስ እጅ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጆሮው ሲቀላ አይቼ ለልጅቷ ያፈረላት መሰለኝ።

«ነፋሱ...» አለ። «ዘንድሮ ኻምሲኑ ክፉ ነበር።»

«ሰማሽ?» አሉ ሙቀደስ። «ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ሊሸፍንልሽ ነው።»

የቀሩት ሥዕሎች ለሌላ ሠዓሊ እንዲሰጡ ተወሰነና ተበተንን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወኒስ ወንበሩን ወደ ደጅ አላወጣም። ሱቁ ውስጥ ጨለማው ጋ ተቀምጦ ይልጋል። ሰው ሰላም ሲለው ጣውላውን እያየ ይመልሳል። እሑድ ቅዳሴ ይመጣል፤ ቁርባን ሲደርስ ግን ወደ በሩ ይሸሻል። ማቲልዳ ወደ እኔ መጥታ «ምን ሆኖ ነው? ምግብ አይበላልኝም። ሆዱ አንድ ነገር ውጧል» አለችኝ። ጠየቅሁት። «ወገቤን» አለኝ።

አንድ ቀን ብርቱካን ገዝቶ ወደ እስቲር ወጣ። ሰገነቷ ላይ ደርሶ ያየው ነገር ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሳው። ከጾም በፊት ሙጫውን ቀምሶ አሰናድቶ የሰጣትን ትንንሽ የጣውላ ቁርጥራጮች በግድግዳው ጥግ ደርድራ ፀሐይና ነፋስ ላይ አስጥታቸዋለች። አንዱን ዘይት አብዝታ፣ አንዱን አሳንሳ፣ አንዱን ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ደርባ ቀብታቸዋለች። አንዳቸውም አልተሰነጠቁም።

«ይሄን ይዩት» አለችው። ዓይኗ አብጧል። «ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። ተጨማደደ እንጂ አልተሰነጠቀም። ይሄኛውም አልተሰነጠቀም። ታዲያ እዚያኛው ላይ ምን አድርጌ ነው? አጎቴ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ። ጥፋቴን ቢነግሩኝ አልቀየምዎትም።»

ወኒስ ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ትንሽ ዕረፊ ልጄ» አላትና ወረደ።

በቀጥታ ወደ ሱቄ ገባ። አንድ ቄስ ልብሰ ተክህኖውን እንድተኩስለት ሰጥቶኝ እየተኮስኩ ነበር። ወኒስ በአንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረኝ፤ ሙጫውን፣ ያነሳትን ቁራጭ፣ ሰገነቱን። ካውያውን አስቀምጬ ሰማሁት።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ?» አልኩት። «እኔ ልብስ ነው የምተኩሰው።»

«ለሷ መንገር አቃተኝ። ፊቷን ሳይ አቃተኝ።»

«ስሟ የጠፋው በአዳራሹ ነው። የምትነግረውም እዚያ ነው።»

«ይስቁብኛል።»

«አዎ» አልኩት። «ይስቁብሃል።»

ተነስቶ ሄደ። መጨከኔን አውቃለሁ።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሻይ በሚጠጡ ሰዎች ሞልቶ ሳለ ወኒስ መሃል ላይ ቆመ።

«ወንድሞች፣ የተሰነጠቀው የኔ ጣውላ ነው» አለ። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ሙጫው በርትቶ ነበር። መቅመስ ነበረብኝ፤ ጾም ነው ብዬ አልቀመስኩትም።» ቁራጯን ከኪሱ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖራት። «ተመልከቷት። ነጩ ከጨርቁ ተነቅሎ ነው የመጣው። የኔ ነው።»

ሙቀደስ ራጊብ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ቆይ እስቲ ኡስታ። አንተ ስለጾምክ ነው እመቤታችን የተሰነጠቀችው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሻዩን ትን አለው።

«ይሄማ የበረሃ አባቶችም ያልደረሱበት ተጋድሎ ነው!» አሉ ሙቀደስ ሳቁ ስላሞቃቸው። «የሙጫው ባሕታዊ!»

ወኒስ ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። አልተቀመጠም፣ አልወጣም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?» ብለው ጠየቁት አባ መቃሪ ከጥግ።

«እያመሰገናችሁኝ ስለነበር ነው አባ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሙቀደስ ራጊብ ግን ለሌላው ሠዓሊ የሰጡትን ቃል አላጠፉም፤ ሥራው ለእስቲር አልተመለሰም። ወኒስ ዘግይቶ ነበር የተናገረው።

ነገሩ በዚያው ቀን ሰገነቷ ደረሰ። እስቲር መጥታ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ወኒስ መላጊያውን ይዞ ተነሳ።

«ሙጫው ለምን በረታ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለችው። «እኔም ስንቴ ተሳስቻለሁ። አንተ ግን ሰገነቴ ድረስ መጥተህ፣ እነዚያን ቁርጥራጮች እያየህ፣ ‘ትንሽ ዕረፊ’ አልከኝ። እጄን መጠርጠር ጀምሬ ነበር። የገዛ እጄን! ገባህ?»

ከዚያ በፊት አንተ ብላው አታውቅም።

«ገባኝ።»

«አልገባህም» አለችና ሄደች።

ስሙ ሰፈሩ ላይ ቀረ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሱቁ ደጃፍ እየሮጡ «የሙጫው ባሕታዊ!» ይሉታል። ማቲልዳ አንድ ቀን ከላይ መስኮት ውሃ ልትደፋባቸው ስትል «ተያቸው፣ ስሜ ነው» አላት። እኔንም አንድ ረቡዕ ከወተት ሻይ ጋር ሲያየኝ ፊቱን አዙሮ አለፈ። ያን ጊዜ ሻዩ አልዋጥልህ አለኝ።

በዓመቱ ከሚንያ የመጡ ሰዎች ለገጠር ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ሥዕል እስቲርን አዘዟት። ጊዜው እንደገና ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ተሸካሚ ከኋላዋ ጥሬ ጣውላ ተሸክሞላት መንገዳችን ውስጥ ገባች። ወደ ማን እንደምትሄድ ለማየት ሰዉ በየበሩ ቆመ። ወኒስ ሱቅ ፊት ደርሳ ለተሸካሚው «እዚህ አውርደው» አለችው።

ወኒስ ጣውላውን ተቀበላት። በማግስቱ ሙጫውን ሲያቀልጥ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ሙጫው ሲሟሟ ድስቱን አወረደ፤ ጣቱን ነከረ። «እማዬ፣ ይቅር በዪኝ» አለና ከንፈሩን ቀባ። ከንፈሩን ገጥሞ ቆየ። መንገዱ ሁሉ ያየዋል።

«እህ?» አለች እስቲር።

ከንፈሩን በግድ ከፈተው። ተፋ። «በርትቷል። ውሃ ይፈልጋል» አላት።

እሷም ውሃውን አቀበለችው።

አሁን ወኒስ አልጋ ላይ ነው፤ ከተኛ ሰንብቷል። ባለፈው ልጠይቀው ገብቼ ስናወራ፣ በሕይወትህ ከሁሉ የበለጠ የተደረገልህ ነገር ምንድነው አልኩት። ከኮሌራው መትረፉን ወይም ልጆቹን የሚያነሳ መስሎኝ ነበር።

«እስቲር ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም» አለኝ። «ሰው ሁሉ ይቅር ብላዋለች ይላል፤ እኔ ግን ከአፏ አልሰማሁም። ለምኛትም አላውቅም፣ በምን ፊቴ እለምናታለሁ? እስከ ዛሬ ድምጿን ደጃፍ ላይ ስሰማ አንገቴ ይሰበራል። ያ አልለቀቀኝም፤ አይለቀኝምም። ግን ጣውላዋን ተሸክማ ወደኔ መጣች። ሌላ ሰው ጋ መሄድ ትችል ነበር። ከሁሉ የበለጠ የተደረገልኝ ይኸው ነው።»